ከኪኒን ወደ ፓች ዞሬ ሁለተኛውን ሳጥን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት

ሴቶች ብቻ በምንወያይበት መድረክ ላይ ስለ ማረጥና ስለ ሆርሞን መድኃኒት ያቀረብኩት ጥያቄና የመጡልኝ መልሶች እነዚህ ናቸው። መልሶቹን በራሴ አነጋገር ነው ያስቀመጥኳቸው። ቁጥራቸው ግን የመጡበት ተራ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄዬ

እህቶቼ፣ እንዴት ናችሁ? እኔ 53 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የወር አበባዬ ጨርሶ ከቀረ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። መጀመሪያ ላይ ሌሊት ሁለት ጊዜ ፒጃማ እቀይር ነበር። ሥራ ቦታ ሰው እያናገረኝ ሳለ ከደረቴ የተነሳ ሙቀት አንገቴን አልፎ ፊቴን ይለበልበኛል። ላቡ በጆሮዬ ሥር ይወርዳል። እንቅልፍ አጣሁ። በትንሽ በትልቁ መቆጣት አመጣሁ። ዶክተሬ ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የሚባሉት ሆርሞኖች አንድ ላይ ያሉበት ኪኒን አዘዘችልኝና አንድ ዓመት ተኩል ወሰድኩት። ሰው ሆንኩ።

በቅርቡ ግን ክብደቴ ጨመረ፣ ደም ግፊቴም ከፍ አለ። አክስቴ ደግሞ እግሯ ላይ ደም ረግቶባት ያውቃል። ዶክተሬ ይህን ስትሰማ ወደ ፓች፣ ማለትም ቆዳ ላይ ወደሚለጠፍ መድኃኒት፣ እንድዞር ወሰነች። በአፍ የሚወሰድ ኢስትሮጅን መጀመሪያ በጉበት ስለሚያልፍ ደም የመርጋት አደጋን ይጨምራል። በቆዳ የሚገባው ግን በጉበት ሳያልፍ ቀጥታ ደም ውስጥ ስለሚገባ ለዚህ ይሻላል። እሑድ ማታ የመጨረሻዋን ኪኒን ዋጥኩ፣ ሰኞ ጠዋት ፓቹን ከእምብርቴ በታች በስተጎን ለጠፍኩ። ሰኞና ሐሙስ እቀይረዋለሁ።

ፋርማሲው የሰጠኝ ሁለት ሳጥን ነው። አንዱ ፓቹ ነው። ሌላው ማታ ማታ የሚዋጥ ክብ፣ ለስላሳ እንክብል ነው። ወረቀቱ እንቅልፍ ሊያመጣ እንደሚችል ይናገራል፤ ከመኝታ በፊት ውሰጂው ተብያለሁ። እኔ ደግሞ እንቅልፌ ተመልሶልኛል። ስለዚህ ሳጥኑን መሳቢያ ውስጥ ካስቀመጥኩት ሰባት ሳምንት ሆነኝ።

ጥያቄዬ ስለ ፓቹ ነው። ዳር ዳሩ ይላቀቅብኛል። ቤተ ክርስቲያን ውዬ ስመለስ የነጠላዬን ጥጥ ሰብስቦ፣ ዙሪያው ጥቁር ክብ ሠርቶ አገኘዋለሁ። ጡቴንም ያመኛል። ወደ ኪኒኑ ልመለስ? ወይስ ቆዳ ላይ የሚቀባው ጄል ይሻላል? የቀየራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

መልሶቹ

1. የመጀመሪያዋ ከሲልቨር ስፕሪንግ ናት፤ ፓች ከጀመረች አራት ዓመቷ ነው። ችግሩ ከፓቹ ሳይሆን ከቅባቱ ነው ባይ ናት። እኛ ሴቶች ከሻወር እንደወጣን መላ ሰውነታችንን ቅባት እንቀባለን፤ ቅባት ባለበት ቆዳ ላይ ደግሞ ፓች አይይዝም። በተራ ሳሙና ታጥቤ፣ በደንብ ደርቄ፣ ከለጠፍኩት በኋላ በመዳፌ አሥር ሰከንድ ያህል ተጭኜ እንድይዘው መከረችኝ። የቀሚስ ወይም የሱሪ መታጠቂያ በማያሸው ቦታ፣ በተለይ ከመቀመጫ ላይኛው ክፍል፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ማድረግ ይሻላል። ጡት ላይ ግን በፍጹም። የሚቀረውን ጥቁር ሙጫ ዘይት የነካ ጥጥ ያስለቅቀዋል፤ ይህን የማደርገው ግን ቀጣዩን ሌላ ቦታ ከለጠፍኩ በኋላ ነው።

2. ሁለተኛዋ ስለ ዋጋ ጠየቀች። የእሷ ኢንሹራንስ በሳምንት አንዴ የሚቀየረውን ፓች እንጂ የእኔን ዓይነቱን እንደማይከፍልላት ነገረችን። እኔም የማውቀውን መለስኩላት።

3. የለንደኗ ጄል ተጠቃሚ ናት። ጠዋት ጠዋት ከጠርሙሱ ሁለት ጊዜ ተጭና ታወጣለች፣ ክንዷ ላይ ስስ አድርጋ ትቀባለች፣ እስኪደርቅ ትጠብቃለች። አንድ ቀን ግን ሳይደርቅ የሁለት ዓመት የልጅ ልጇን አቀፈች። ሐኪሟ ሆርሞኑ ከቆዳ ወደ ሕፃን ቆዳ ሊተላለፍ እንደሚችል ሲነግራት በጣም ደነገጠች። ከዚያ ወዲህ የምትቀባው ጭኗ ላይ ነው፣ ልብስ ትደርብበታለች፣ እጇን ወዲያው ትታጠባለች። የልጅ ልጅ ለምታቅፉ ሁሉ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እንግሊዝ ውስጥ በ2022 ጄሉ ከየፋርማሲው ጠፍቶ እንደነበርና ያኔ ሳትወድ ወደ ፓች ዞራ እንደተመለሰችም ጨመረችልን።

4. አራተኛዋ ጡቷን ለሦስት ወር ያህል አሟት በራሱ ጊዜ እንደተዋት ጽፋ አጽናናችኝ። አዲስ ዓይነት ከጀመሩ በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር ሳያዩ መፍረድ እንደማይገባ ዶክተሯ ነግሯታል።

5. እዚህ ላይ የሚኒሶታዋ ነርስ መጣች። ስለ ሙጫውም ስለ ጡቴም አንድ ቃል አልጻፈችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ማህፀኔ በኦፕሬሽን ወጥቷል ወይስ አለ?

6. ይህ የእኔ መልስ ነው። ማህፀኔ አለ። ማዮማ፣ ማለትም የማህፀን እጢ፣ ነበረብኝ፤ ማህፀኔ ግን አልወጣም።

7. የነርሷ ሁለተኛ መልስ ረጅም ነበር፤ አነጋገሯም ተለወጠ። ያ መሳቢያ ውስጥ ያለው እንክብል የእንቅልፍ መድኃኒት እንዳልሆነ በቀጥታ ነገረችኝ። ፕሮጄስትሮን ነው። የቀድሞ ኪኒኔ ሁለቱንም ሆርሞን በአንድ ላይ የያዘ ስለነበር አንዱን ነጥዬ መተው አልችልም ነበር። ፓቹ ግን ኢስትሮጅን ብቻ ነው። ኢስትሮጅን ብቻውን ሲሆን የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን ያወፍረዋል። ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ከቀጠለ ወደ ማህፀን ካንሰር ሊያመራ ይችላል። ይህ የታወቀው ትናንት አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ በ1975 የወጡ ጥናቶች አሳይተውታል። ከዚያ ወዲህ ነው ማህፀን ላላት ሴት ፕሮጄስትሮን አብሮ የሚሰጠው። እንቅልፍ ማምጣቱ የጎንዮሽ ውጤቱ ነው፤ ማታ ውሰጂ የተባልኩትም ቀን ላይ እንዳያደነዝዘኝ ነው። ማህፀናቸው የወጣላቸው ሴቶች በአብዛኛው ፓቹን ብቻ መጠቀም ይችላሉ። እኔ ግን አልችልም። ያለፈውን ለማካካስ ሁለት ሁለት እንዳልውጥ፣ በማግስቱ ጠዋት ዶክተሬ ጋ እንድደውል አዘዘችኝ። አዎ፣ አዘዘችኝ ነው የምለው። እንደዚያ ስላደረገችም አመሰግናታለሁ።

ሳነበው እጄ ቀዘቀዘ። ተነስቼ መሳቢያውን ከፈትኩ። ሳጥኑ እንደታሸገ ነበር።

8. የአትላንታዋ የአጎቷን ልጅ ታሪክ ነገረችን። እሷም ፓቹን ብቻ ስምንት ወር ተጠቅማ መድማት ጀመረች። የወር አበባ የተመለሰ መስሏት ዝም አለች። በኋላ በአልትራሳውንድ ሽፋኑ ወፍሮ ተገኘ፤ ናሙና ተወሰደ፤ ደግነቱ ካንሰር አልነበረም፣ በፕሮጄስትሮን ታከመች። አንዲት ሴት የወር አበባዋ ከቀረ ከአንድ ዓመት በኋላ ደም ካየች ጠብታም ቢሆን መመርመር እንዳለባት አሰመረችበት። ነርሷም ጣልቃ ገብታ፣ ሆርሞን በጀመሩ ወይም ዓይነት በቀየሩ በመጀመሪያዎቹ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ትንሽ ትንሽ ደም መታየቱ የተለመደ መሆኑን፣ ሲበዛ ወይም ከዚያ ሲያልፍ ግን ዝም እንደማይባል አከለች።

9. ዘጠነኛዋ ተቆጣችኝ። አሜሪካ ተቀምጬ፣ ወረቀት ተሰጥቶኝ፣ ሳላነብ መድኃኒት መጣሌ አሳፋሪ ነው ባይ ናት። ብዙ ሴት ይህን መድኃኒት ፈልጋ ታጣለች፤ እኔ መሳቢያ ውስጥ እከታለሁ። ቃሏ ከበደኝ።

10. መልስ የሰጠችልኝ እስራኤል ውስጥ ነታንያ የምትኖረዋ ናት። ቁፓት ሆሊም፣ ማለትም የጤና መድን ክሊኒኳ፣ ስትሄድ ሐኪሟ በዕብራይስጥ እንደሚያስረዳት፣ አስተርጓሚዋ የ19 ዓመት ልጇ እንደሆነች ጻፈች። ስለ ማህፀንና ስለ ብልት መድረቅ ሲወራ ልጅቷ አንገቷን ትደፋለች፣ ግማሹን ትዘለዋለች። እናትየውም አፍራ አትጠይቅም። ከዚያ ክፍል የሚወጣው ነገር ግማሽ ነው። እኔም የደረሰብኝ ከዚህ አይርቅም። መድኃኒቱን የሰጠኝ ሰው መስኮቱ ላይ ሆኖ በጥድፊያ ተናገረ፣ ከኋላዬ ሰልፍ ነበር፣ የገባኝ ማታ የሚለው ቃል ብቻ ነው።

11. ከዚያ ውይይቱ ሌላ አቅጣጫ ያዘ። አንዲት ሴት ሆርሞን ማለት የጡት ካንሰር ማለት መሆኑን፣ በ2002 ስለ ሆርሞን የተደረገው ጥናት ራሱ በአደጋው ምክንያት መቋረጡን፣ እኛ ግን ለትንሽ ሙቀት ብለን ሕይወታችንን እየሸጥን መሆኑን ጻፈች።

12. ነርሷ ተመለሰች። ጥናቱ እውነት ነው። አሜሪካ ውስጥ የተካሄደ ትልቅ ጥናት ነበር፣ ሁለቱ ሆርሞኖች አብረው የተሰጡበት ክፍል በሐምሌ 2002 ቆመ። ግን የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 63 ነበር፤ አብዛኞቹ ካረጡ ቆይተዋል። መድኃኒቱም ከእርጉዝ ፈረስ ሽንት የሚወጣ ኢስትሮጅን ከሌላ ሰው ሠራሽ ሆርሞን ጋር በኪኒን የተቀመመ ነበር። የጡት ካንሰሩ ጭማሪ ከ10,000 ሴቶች በዓመት 8 ያህል ነው። በ2025 ኅዳር ላይ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከእነዚህ መድኃኒቶች ላይ በመድኃኒቱ ወረቀት ላይ በመስመር ታጥሮ የሚጻፈውን ከባድ ማስጠንቀቂያ እንደሚያነሳ አስታወቀ። አንዱ ግን እንዲቆይ ተደረገ። ኢስትሮጅንን ብቻውን መውሰድ ስለሚያመጣው የማህፀን ካንሰር የሚናገረው ነው። ይህን ያነሳችው ለእኔ ብላ መሆኑ ገብቶኛል።

13. አሥራ ሦስተኛዋ ጡቷን ታክማ የዳነች ናት። ጨዋ ነበረች፤ ግን ነርሷ የጥናቱ መድኃኒት ኪኒን እንደነበር ስላነሳች፣ ፓች ለጡት የማያሰጋ እንዳይመስለን አረመቻት። በፓች መግባቱ የሚረዳው ደም እንዳይረጋ እንጂ የጡት ካንሰርን ሥጋት አያጠፋም። በ2019 የታተመው ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ ሥራ ጥምር ሆርሞን በረዘመ ቁጥር ሥጋቱም እንደሚጨምር አሳይቷል። እንደ እሷ ካንሰር የነበረባት ሴት ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። ሐኪሟ ሆርሞን የሌለበት መድኃኒት ነው የሰጣት። ነርሷም እርማቱን ተቀበለች፤ ማሞግራም እንዳይቋረጥም አሳሰበች። ሁለቱ ሲነጋገሩ ማንበቡ ደስ ይል ነበር።

14. ሌላዋ ግን እናቶቻችን ይህ ሁሉ ሳያስፈልጋቸው እንዳረጡ፣ ጉዳዩ የፈጣሪ ሥራ እንደሆነ፣ አንድ ሁለት ዓመት ታግሶ ማለፍ እንደሚሻል ጻፈች። ተልባ ጠጡ፣ ጸልዩ፣ በቃ።

15. ለዚህ የመጣው መልስ እስካሁን ከልቤ አልወጣም። ጸሐፊዋ ደሴ ያደገች ናት። ልጅ ሳለች እናቷ ሌሊት ከአልጋ ወርዳ በባዶ ሊሾ ላይ ትተኛ ነበር። ልጆቹ ስእለት ያለባት፣ ሱባኤ የያዘች ይመስላቸው ነበር። ጠዋት ሲነሱ ሊሾው ላይ የላቧ እርጥበት ይታያል። ማንም አልጠየቃትም፤ እሷም አልተናገረችም። አሁን ራሷ 50 ሲሞላት ነው ምን እንደነበረ የገባት። እናቷ ግን አርፋለች። ስለዚህ እናቶቻችን አላስፈለጋቸውም የሚለውን ቃል ዳግም መስማት አትፈልግም። ቃሏ ስለታም ነበር፤ እኔ አልፈርድባትም።

16. አንድ ሁለት ዓመት የሚለውን ያረመችው ሌላ ሴት ናት። አሜሪካ ውስጥ ሴቶችን ለረጅም ዓመታት የተከታተለ ጥናት ሙቀቱ በአማካይ 7.4 ዓመት እንደሚቆይ፣ በጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ላይ ደግሞ 10.1 ዓመት እንደሚደርስ አግኝቷል። ተልባውም ተሞክሯል፤ መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ የበለጠ ሙቀት አልቀነሰም። ለሆድ ድርቀት ግን ትጠጣዋለች።

17. የዳላሷ ያነሳችው ነገር የብዙዎቻችን ነው፤ ለዚህም ብዙ ሴት ተቀብላታለች። የወር አበባዋ ሲቀር በጣም የተደሰተችበት አንድ ነገር ነበር። እንደ ልቧ ቤተ ክርስቲያን መግባት፣ ማስቀደስ፣ መቁረብ። ከዚያ በተራ የሚወሰደውን ዓይነት ሆርሞን አዘዙላት። በየወሩ ለአሥራ ሁለት ቀን ፕሮጄስትሮን ትወስዳለች፣ ከዚያ ደም ይመጣል። ኪዳነ ምሕረት እየደረሰች እሷ ደጅ ቆመች። በሐኪሟ ፊት ይህን መናገር አፈረች፤ ሴትዮዋ የእኛ እምነት ተከታይ አይደለችም። በመጨረሻ ደፍራ ነገረቻት። ሐኪሟም ምንም አላለች፣ በየቀኑ ፕሮጄስትሮን ወደሚወሰድበት ዓይነት ቀየረችላት። በየቀኑ ሲወሰድ ሽፋኑ ቀጭን ሆኖ ይቆያል፣ ደሙም ከጊዜ በኋላ ይቆማል። የወር አበባቸው ገና ላልቆመ ግን በተራ የሚወሰደው ይመረጣል፤ በየቀኑ ከጀመሩት ደሙ ይዘበራረቃል። አንዲት ሙስሊም እህታችንም በረመዳን ጠብታ ደም እያየች ስለተጨነቀችበት ጊዜ ተረከችላት። ይህች ሙስሊም እህታችን በመጨረሻ የመረጠችው ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውን፣ ሆርሞን ያለበትን ሉፕ ነው። ማህፀኗን ሉፑ ይጠብቃል፣ ፓቹን ከላይ ትለጥፋለች፤ ማታ የሚዋጥ ነገር የለባትም።

18. ከዚህ ተነስቶ የጾም ጥያቄ መጣ። እንክብሉ ከእንስሳት በሚገኝ ጄላቲን የተሸፈነ ነው፤ ስለዚህ በዐቢይ ጾም ይፈቀዳል ወይ? የፈረሱ ሽንትስ? ንስሐ አባቷን የጠየቀች አንዲት እናት መድኃኒት በጾም እንደማይከለከል እንደነገሯት መሰከረች። ፓችና ጄል ላይ ያለው ኢስትራዲዮል ከዕፅዋት ተነስቶ የሚሠራ መሆኑን ደግሞ ፋርማሲ የምትሠራ ሴት አስረዳች። አሜሪካ የሚሸጠው የፕሮጄስትሮን እንክብል በብዛት የኦቾሎኒ ዘይት አለበትና ኦቾሎኒ የማይስማማት ሴት ሳትናገር እንዳትወስደው አስጠነቀቀች። ይህን ስንቶቻችን እናውቃለን?

19. ከኩዌት የጻፈችው እህታችን 47 ዓመቷ ነው፤ ሰው ቤት ትሠራለች። የወር አበባዋ አራት ወር ቀርቷል። ማድ ቤት ምድጃው ሥር ቆማ ሙቀቱ ሲመጣባት ማቀዝቀዣውን ከፍታ ፊቷን ታስገባለች፤ እመቤቲቱ ሌባ እንዳትላት ትፈራለች። ሐኪም ጋ የምትሄድበት መንገድ የላትም። ጓደኛዋ የተረፋትን ፓች ልትሰጣት ነው። ልለጥፈው ወይ?

20. ለእሷ አምስት ሴቶች ተረባረቡ። ነርሷ የሰው ፓች እንዳትለጥፍ ለመነቻት፤ ምክንያቱን እኔ ላይ አይታለች። መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ ታድርግ፤ በ47 ዓመት የወር አበባ መቅረት ሁልጊዜ ማረጥ አይደለም፣ የሆርሞን ሕክምናም እርግዝና አይከላከልም። ደም ግፊቷንም ትለካ። ጡቷን ታክማ የዳነችው ሴት ስለ ሌሎቹ አማራጮች ጻፈችላት፤ በ2023 አሜሪካ የተፈቀደ ሆርሞን አልባ መድኃኒት አለ፣ ለድባቴ ከሚሰጡት አንዳንዶቹም ሙቀቱን ይቀንሳሉ። ሁሉም ግን በሐኪም ነው። ሌላዋ ኩዌት የምትኖር እህታችን በግል እንድታናግራት፣ ዓርብ አብራት ክሊኒክ እንደምትሄድ ቃል ገባችላት።

21. ወይባ ጭስ የገባች ሴት ፓቿ ፎጣው ላይ ተለጥፎ መገኘቱን ጻፈች። ነርሷ ላቡ እንደሚያስለቅቀው ብቻ ሳይሆን ኃይለኛ ሙቀት ወደ ደም የሚገባውን መጠን ሊጨምር እንደሚችልም ነገረቻት።

22. የአዲስ አበባዋ ሦስት ፋርማሲ ዞራ ፓች አላገኘችም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣ ይዞላት ይመጣል። ሻንጣው ሲዘገይ ወደ ኪኒን ትዞራለች፣ ሲመጣ ትመለሳለች። ማይግሬን ስላለባት ኪኒኑ አይስማማትም፤ በዞረች ቁጥር ራስ ምታቱ ይነሳባታል። ዘጠነኛዋ የተቆጣችኝ ለምን እንደሆነ እዚህ ላይ ይበልጥ ገባኝ።

23. የእኔ የመጨረሻ መልስ ይህ ነው። በማግስቱ ጠዋት ደወልኩ። በዚያው ማታ እንክብሏን እንድጀምር ነገሩኝ፤ አንድ ብቻ፣ በየማታው። አልትራሳውንድ ታዘዘልኝ። ከአሥር ቀን በኋላ ዶክተሬ ሽፋኑ ቀጭን መሆኑን ነገረችኝ። ስልኩን ዘግቼ መኪናዬ ውስጥ ትንሽ አለቀስኩ። ፓቹን አሁን ከወገቤ በታች፣ ቅባት በማይነካው ቦታ ነው የምለጥፈው፤ ዳሩ አይነሳም። ጡቴም ቀለል ብሎኛል። ወደ ኪኒኑ አልመለስም።

ሳጥኑ ከመሳቢያ ወጥቷል፤ ከጥርስ ብሩሼ አጠገብ ነው ያለው። ልጄ በወፍራም እስክሪብቶ፣ በትልልቅ ፊደል፣ በአማርኛ ጻፈችበት፤ የማህፀን ጠባቂ፣ በየማታው።

24. የነታንያዋ ፎቶውን ላኪልኝ አለችኝ። ላክሁላት።